"ቴዎድሮስ ካሳሁን" ልንለው ነው፤ ልጁን ይጎዳው ይሆን?

ጥያቄ፦ ስሜ ካሳሁን ይባላል። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ልጁ ወንድ መሆኑንም አውቀናል። እሷ ከተማሪነቷ ጀምሮ የቴዲ አፍሮ አድናቂ ስለሆነች ስሙ ቴዎድሮስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። ስሙን እኔም አልጠላውም። ነገር ግን ከእኔ ስም ጋር ሲገጥም "ቴዎድሮስ ካሳሁን" ሊሆን ነው፤ ይህ ደግሞ የዘፋኙ ትክክለኛ ስም ነው። ልጁ በሄደበት ሁሉ "እስቲ ዝፈንልን" እየተባለ እንዳያድግ እሰጋለሁ። ዘፋኙን የማይወዱ ሰዎች እንዳሉም አውቃለሁ። እናቴ በበኩሏ በአያቱ ስም ይጠራ ትላለች። እንደ ስም አጥኚነትዎ ምን ይመክሩናል?

ምላሽ፦ አቶ ካሳሁን፣ አስቀድሜ ባለቤትዎን "ማርያም በሽልም ታውጣዎት" ይበሉልኝ። መልሴን ፍለጋ እስከ መጨረሻው እንዳይደክሙ አሁኑኑ ልንገርዎ፦ ቴዎድሮስ በሉት። ሥጋትዎ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አደጋው ያለበትን ቦታ ግን በትክክል ያገኙት አይመስለኝም፤ ጥንቃቄውም ወደዚያው መዞር አለበት።

የዝነኛ ሰው ስም ለልጅ ማውጣት በየአገሩ ያለ ነገር ነው። የእኛን የሚለየው የአባት ስም ነው። የቤተሰብ ስም ባለበት አገር ወላጅ የዝነኛውን የግል ስም ቢወስድ የቤተሰቡ ስም ልጁን ከዝነኛው ይለየዋል። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም በራሱ ጊዜ መጥቶ ይለጠፋል፤ የሚመርጠው ሰው የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ መጠሪያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው። ዛሬም ልጅ የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። እናም ገብረ ሥላሴ የሚባል አባት ልጁን ኃይሌ፣ ቱሉ የሚባል አባት ልጁን ደራርቱ ሲል፣ ያወጣው አንድ ስም ሆኖ ሳለ የሚጠራው ግን ሙሉ ሯጭ ይሆናል። በእናንተም ቤት የዘፋኙን ስም ግማሽ ባለቤትዎ መረጡ፤ ሌላውን ግማሽ እርስዎ ከተወለዱ ጀምሮ ይዘውት ኖረዋል። ጎረቤትዎ ልጃቸውን ቴዎድሮስ ቢሉ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም ነበር።

አሁን ስሙን ራሱን እንየው። አንድ ስም በዝነኛ ሰው ተያዘ የሚባለው፣ ስሙ ሲጠራ ሌላ ሰው ትዝ የማይል ሲሆን ነው። ቀነኒሳ ሲባል አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ሯጭ ብቻ ነው። ቴዎድሮስ ከዚህ የራቀ ነው። ዘፋኙ በ1968 ዓ.ም. ሲወለድ ስሙ ብዙ መቶ ዓመታትን ያገለገለ ነበር። በስንክሳር ሐምሌ 20 ቀን የሚታሰብ ሰማዕት ቴዎድሮስ አለ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመት ላልሞላ ጊዜ የነገሡ ቀዳማዊ ቴዎድሮስ አሉ። ከዚያ የቋራው ካሳ ኃይሉ ይመጣሉ። ካሳ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ የቀድሞ ስማቸውን ትተው ቴዎድሮስ የተባሉት ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው መጽሐፍ የተነገረ ትንቢት ስለነበረ ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራ ንጉሥ ተነሥቶ ምድርን ያሳርፋል የሚለውን ትንቢት ሕዝቡ በጉጉት ይጠብቀው ነበር። ለዝናው ሲባል ስም መውሰድ እንግዲህ የባለቤትዎ ፈጠራ አይደለም፤ ንጉሠ ነገሥቱም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በነገራችን ላይ ካሳ የነበሩት ሰው ቴዎድሮስ እንደሆኑ፣ የካሳሁን ልጅም ቴዎድሮስ ሊባል እንደሆነ ባለቤትዎ ካስተዋሉ ክርክሩ ያኔውኑ ያልቅልዎታል።

ከንጉሡ ወዲህም ስሙ አልተዘጋም። ድምፃዊው ቴዎድሮስ ታደሰ አለ። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም አሉ። የግብፅ ኮፕቲክ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክም ታዋድሮስ ናቸው። ይህን ሁሉ ባለቤት ያየ ስም በአንድ ሰው ዝና አይዋጥም። የተገላቢጦሹን ማየት ከፈለጉ ጀርመን ጥሩ ምሳሌ ናት። ኬቨን የሚለው ስም በዚያ አገር ሥር አልነበረውም፤ ከፊልምና ከእግር ኳስ ሰዎች ጋር ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ከወንዶች ስም አንደኛ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ፋሽኑ አለፈ፤ ልጆቹ ግን ስሙን ይዘው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 በኦልደንቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት፣ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ኬቨን የሚባልን ተማሪ ገና ሳያዩት ረባሽና ደካማ አድርገው እንደሚገምቱት አሳየ። እዚያ ስሙን የተሸከመው የዝነኞቹ ዝና ብቻ ነበር፤ ዝናው ሲረግብ ከሥሩ የሚደግፈው ሌላ ነገር አልተገኘም። ቴዎድሮስን የሚደግፉት ብዙ ናቸው።

መንግሥቱ የሚለውን ስም ደግሞ ያስቡት። ለአንዱ መንግሥቱ የ1953ቱን የታኅሣሥ ግርግር የመሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ናቸው። የቲያትር ወዳጅ መንግሥቱ ለማን ያስታውሳል። ኳስ የሚወድ አዛውንት ደግሞ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ካነሣው ቡድን መንግሥቱ ወርቁን ይጠራልዎታል። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም መጡ። በኢትዮጵያ ታሪክ እንደ እሳቸው የሚያከራክር ስም ያለው መሪ ጥቂት ነው፤ ሆኖም መንግሥቱ የሚባል ሰው መሥሪያ ቤት ሲገባ ማንም አይደነግጥም። ከ1966 ዓ.ም. በፊት ግን ኃይለ ማርያም የሚባል አባት ወንድ ልጅ ወልዶ መንግሥቱ ቢለው ምን ያውቅ ነበር? ስሙ ሲወጣ ንጹሕ ነበር፤ ዝናው ከኋላ መጥቶ ደረሰበት። ይህን የማነሣው ልጅዎን ከዝነኛ ስም የሚያስጥል ጥንቃቄ ፈጽሞ የለም ለማለት ነው። ዛሬ ማንም የማያውቀውን ስም ብታወጡለት፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ አንድ ሯጭ ወይም አንድ ወንጀለኛ ያንኑ ስም ከእነ አባቱ ይዞ በቴሌቪዥን ሊመጣ ይችላል።

ጊዜም የራሱን ሥራ ይሠራል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ሲያሸንፍ አበበ ከሚለው ስም የበለጠ ዝነኛ ስም በአገሩ አልነበረም። ዛሬ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ አበበ ሲባል ቢሰማ መጀመሪያ የሚመጣለት በሶ የበላው አበበ ነው። የቴዲ አፍሮ "ያስተሰርያል" የወጣው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ወጣት የነበረው አድማጭ ዛሬ ወላጅ ሆኗል። የልጅዎ የክፍል ጓደኞች የሚያብዱለት ዘፋኝ ምናልባት ገና ማይክሮፎን አልጨበጠም። "እስቲ ዝፈንልን" የሚሉት ልጆች አይሆኑም። የሚሉት አዋቂዎች ናቸው፦ የክትባት ካርድ የምትሞላዋ ነርስ፣ ስም የሚጠራው መምህር፣ የባንክ ሠራተኛው፣ የታክሲ ረዳቱ። ሁሉም ቀልዱን የፈጠሩት እነሱ ይመስላቸዋል። ልጁ የሚሰለቸውም ቀልዱ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው።

የራሱና የአባቱ ስም ሲገጥም የአንድ ታዋቂ ሯጭ ስም የሚሆን ተማሪ ነበረኝ። በመጀመሪያው ቀን ስም ስጠራ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ልጁ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ "አለሁ መምህር፤ እኔን ግን አውቶቡስ እንኳ ያመልጠኛል" አለ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የሳቀ የለም። ቆይቶ ስንጨዋወት ያቺን መልስ ያስተማረችው እናቱ እንደሆነች፣ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮም ሲጠቀምባት እንደኖረ ነገረኝ። ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው። ልጁ አፍ ሲፈታ አንድ አጭር፣ ቁጣ የሌለበት፣ የራሱ የሆነ መልስ አዘጋጁለት። "ድምፄ እንደ ቁራ ነው" ቢል ይበቃዋል። ድምፁ ካማረ ደግሞ ሌላ ትፈልጉለታላችሁ።

ዘፋኙን ስለማይወዱ ሰዎች ያነሡት ነገር ከቀልዱ የከበደ ነው። ቴዲ አፍሮ በሕይወት ያለ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ዘፈኖቹ ከሙዚቃ አልፈው የፖለቲካ ክርክር ያስነሣሉ። በሕይወት ያለ ሰው ነገ የሚሠራውን ማንም አያውቅም። የኢራቁ ሳዳም ስም ባለበት ዘመን ልጃቸውን ሳዳም ያሉ ወላጆች በብዙ አገር ነበሩ፤ ልጆቹ ግን አድገው ሥራ ሲፈልጉ ስሙ ሌላ ትርጉም ይዞ ጠበቃቸው። ከዘፋኙ ጋር ማነጻጸሬ አይደለም፤ ልጅን ባልተጠናቀቀ ታሪክ ላይ ማሰር ምን እንደሚያመጣ ለማሳየት ያህል ነው። ለዚህ ነው የሞተ ሰው ስም ከሕያው ይሻላል የምለው፤ ሙታን ስማቸውን ከእንግዲህ አያበላሹም። የሞቱትም ቢሆኑ ሁሉንም አያስማሙም፦ ስለ አፄ ቴዎድሮስ ጎንደር ላይ የሚነገረውና የዘመቻቸው በትር ባረፈበት ወሎ የሚነገረው አንድ አይደለም። ሁሉም የሚወደው ስም ስትፈልጉ ልጁ ሳይሰየም ክርስትና ይነሣል።

ጥንቃቄው የት መሆን እንዳለበት ወደመናገሩ ልምጣ። የዘፋኙ ዝና ያለው "ቴዲ" በምትለው ቁልምጫ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠራው በመድረክ ስሙ ነው፤ "ቴዎድሮስ ካሳሁን" ሲባል ቶሎ የሚያያይዘው ከሚያስቡት ያነሰ ነው። ስለዚህ እቤት ውስጥ ቴዲ አትበሉት። ቴዎ፣ ማሙሽ፣ የፈለጋችሁትን በሉት፤ ወይም ሙሉውን ቴዎድሮስ ብላችሁ ጥሩት። ረጅም ነው ብለው አይፍሩ፤ ልጆች ሙሉ ስማቸው ሲጠራ ደስ ይላቸዋል፤ ለቁጣ ብቻ ካላስቀመጣችሁት። ጓደኞቹ በራሳቸው ጊዜ ቴዲ ቢሉት ልትከለክሉ አትችሉም፤ የእነሱ ጉዳይ ነው። ከእናት አባት አፍ ግን ባይወጣ ይሻላል። ለባለቤትዎ ይህ ትንሽ ሊከብዳቸው እንደሚችል እገምታለሁ፤ ምናልባትም ከስሙ ሁሉ የናፈቃቸው ይህችው ቴዲ ናት። ስሙን ካሸነፉ ቁልምጫውን ቢለቁልዎ ፍትሐዊ ስምምነት ይመስለኛል።

ሌላው ጥንቃቄ የአያት ስም ነው፤ የእናትዎ ጥያቄም እዚህ ላይ ይመለሳል። ሦስት ማይክል ጆርዳኖችን እንውሰድ። አንደኛውን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው የፊልም ተዋናይ ነው፤ በፊልም ላይ ማይክል ቢ. ጆርዳን ተብሎ ይጻፋል። ሦስተኛው በበርክሌይ ያስተማሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ናቸው፤ ጽሑፎቻቸው የሚወጡት ማይክል አይ. ጆርዳን በሚል ነው። በመሐል የገባች አንዲት ፊደል ሦስቱን ለያይታ በየሙያቸው አኖረቻቸው። እኛ ፊደሏን መፍጠር አያስፈልገንም፤ የአያት ስም አለን። ከሕፃናት ማቆያው ፎርም ጀምሮ የልጁ ስም የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ እስከ አያት ይሁን፤ ራሱም ስሙን ሲጠየቅ ሦስቱንም እንዲል ከሕፃንነቱ ይልመድ። ስመ ሞክሼ በበዛበት አገር ይህ ለፈተና ውጤትም ለባንክ ሒሳብም ይጠቅመዋል። ለእናትዎም የባላቸው ስም የትም እንዳልሄደ ይንገሯቸው፤ በልጁ ስም ሦስተኛ ቦታ ላይ በክብር ተቀምጧል። የአያቱን ስም ለልጁ ደግማችሁ ብትሰጡት ያው ስም ከፊትና ከኋላ ገብቶ እርስዎን መሐል ላይ ያስቀርዎታል፤ እንደዚያ የሚጠሩ ሰዎች አሉ፤ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ግን ስህተት መስሎት እየሰረዘ ያስቸግራቸዋል። ከዚህ ይልቅ እናትዎ እንደ ቀድሞው ባህል የራሳቸውን ስም ያውጡለትና በዚያ ይጥሩት። በእኛ አገር አያት ለልጅ ልጇ ለብቻዋ የምትጠራበት ስም ማውጣቷ አዲስ ነገር አይደለም፤ ባለ ስሙም ቅር አይለውም። ኦርቶዶክሶች ከሆናችሁ በአርባ ቀኑ የክርስትና ስም ይጨመርለታል፤ ልጁ ከአንድ ዘፋኝ ጋር የሚጋራው ከሦስት አራት ስሞቹ ሁለቱን ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የማያድነው አንድ ነገር አለ፤ ልጁ ራሱ ዘፋኝ መሆን ቢፈልግ። አሜሪካዊው ተዋናይ ማይክል ኪተን ሲወለድ ማይክል ዳግላስ ነበር፤ በዚያ ስም የታወቀ ሌላ ተዋናይ ስለነበረና የተዋንያኑ ማኅበር አንድ ስም ለሁለት አባላት ስለማይፈቅድ ሌላ ስም ፈለገ። የእናንተም ልጅ መድረክ ላይ ከወጣ የመድረክ ስም ያበጃል፤ ያኔ ትልቅ ሰው ነውና ይችልበታል። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ነጋዴ ከሆነ ምንም አይገጥመውም። በኢንተርኔት ላይ ደግሞ ስሙን የሚፈልግ ሰው እሱን ሳይሆን ዘፋኙን ያገኛል። ማኅበራዊ ገጽ ሲከፍት የዝነኛ ሰው ሐሰተኛ ገጽ ነው ብለው ሊዘጉበት ይችሉ ይሆናል፤ በሌላ በኩል ግን በወጣትነቱ የጻፈውን ሁሉ እየቆፈረ የሚያወጣበት ቀጣሪ አይኖርም። እኔ ብሆን ይህን ከጥቅሙ እቆጥረው ነበር።

ወደ ውጭ አገር የመሄድ ሐሳብ ካላችሁ ነገሩ ጭራሹን ይቀላል። አሜሪካ ውስጥ ልጆች የወለዱ ኢትዮጵያውያን አንዳንዶቹ የራሳቸውን፣ ሌሎቹ የአባታቸውን ስም የልጆቹ የቤተሰብ ስም ያደርጋሉ። የእርስዎን አባት ስም ከመረጣችሁ "ቴዎድሮስ ካሳሁን" የሚባል ሰው በወረቀት ላይ አይኖርም። ቢኖርም ስሙን ሰምተው ፈገግ የሚሉት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ምግብ ቤቶች ብቻ ናቸው።

አንድ ነገር ግን እርስዎና ባለቤትዎ ቁጭ ብላችሁ እንድትነጋገሩበት እፈልጋለሁ። ልጁ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላው "ለምን ቴዎድሮስ አላችሁኝ?" ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ሁሉም ይጠይቃሉ። "እናትህ ዘፋኙን ስለምትወደው" የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ሊደበቅም አይገባም። ብቻውን ከሆነ ግን ልጁ የሰው ጥላ ሆኖ የተወለደ ይመስለዋል፤ በዘፋኙ ዝና ላይ አንድ ነገር ቢደርስም መልሱ አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ከዘፋኙ ጋር የማይገናኝ ሁለተኛ ምክንያት ፈልጉለት፤ በእርስዎ ስም ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ካሳሁን የሚባል ሰው ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ አንድ ሰው ካጣ በኋላ የተወለደ ነው። ለማን ካሳ እንዲሆኑ እንደተሰየሙ እናትዎን ይጠይቋቸው። ሲነግሩዎት ስማቸው ተነሥቶ የማያውቅ ሰው ታሪክ ሊሰሙ ይችላሉ፤ የልጁ የስም ታሪክም ከዚያ ይጀምራል። እናትዎም የሚፈልጉት የአያቱ ስም እንዳይረሳ ብቻ ሳይሆን ይህ እንዲነገርላቸው ሊሆን ይችላል።

እምቢ በሉ የምልበት ሁኔታም አለ። ባለቤትዎ ልጁን ገና በማህፀን ሳለ ዘፋኝ አድርገው አስበውት ከሆነ፣ ክራር ገዝተው ከሆነ፣ ስሙን ለአሁኑ ያቆዩት። እርስዎም በልብዎ ስሙን ጠልተውት "ይሁን" ብለው ከሆነ ያው ነው፤ ሕፃን ልጅ አባቱ ስሙን ሲጠራ ጥርሱን ቢነክስ ያውቃል። ደብዳቤዎ ግን ይህን አያሳይም።

ልጁ ሲወለድ በ90 ቀናት ውስጥ በወረዳችሁ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡት። ከተመዘገበ በኋላ ስም ማስቀየር የፍርድ ቤት ውሳኔ የሚጠይቅ፣ ጊዜና ገንዘብ የሚበላ ጣጣ ነውና ሳትግባቡ አትሂዱ። በላቲን ፊደል ስለሚጻፍበት መንገድም ቀድማችሁ ወስኑ፤ ቴዎድሮስን በየመሥሪያ ቤቱ በተለያየ ፊደል ስለሚጽፉት፣ የልደት ምስክር ወረቀቱና ፓስፖርቱ ሳይገጥሙ ቀርተው ዓመታት የተንገላቱ ብዙ ናቸው። እርስዎ ፓስፖርት ካለዎት ይዘውት ይሂዱ፤ ካሳሁን እዚያ ላይ በአንድ "ኤስ" ከተጻፈ የልጁም የአባት ስም በአንድ "ኤስ" ይጻፍ።